የሎጂስቲክስ ዘርፍ ማህበራትና ኔትወርኮች፡ ምንነታቸው፣ የአባልነታቸው ትርጉምና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ያላቸው ግንኙነት

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም ወዲህ የባህር በር የሌላት አገር ስትሆን፣ ከገቢና ወጪ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ሲተላለፍ ቆይቷል። ለአንድ መሥሪያ ቤት የተገዛ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት ወይም የማሽን መለዋወጫ በባህር ተጉዞ፣ ወደብ ላይ ተራግፎና የጉምሩክ ሥርዓት ተፈጽሞለት መጋዘን እስኪደርስ ድረስ በመርከብ ወኪል፣ በዕቃ አስተላላፊ፣ በጉምሩክ አስተላላፊ፣ በጭነት ተሽከርካሪ ባለንብረትና በመጋዘን ሠራተኛ እጅ ያልፋል። ከእነዚህ አካላት አንዱ ሥራውን በወቅቱ ሳይፈጽም ሲቀር ኮንቴይነሩ በነፃ የሚቆይባቸው ቀናት ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የወደብ ኪራይና የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ ወጪው በመጨረሻ የሚያርፈው በመንግሥት በጀት ላይ ነው።

እነዚህ አካላት በየሙያቸውና በየዘርፋቸው በማህበር የተደራጁ ናቸው። በጨረታ ሰነዶችና በደብዳቤ ራስጌዎች ላይ የዓለም አቀፍ ማህበራት ዓርማዎች በብዛት ይታያሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ዓርማ የድርጅትን አባልነት፣ ሌላው የግለሰብን የሙያ ብቃት፣ ሦስተኛው ደግሞ በክፍያ የተገኘ የንግድ ትስስርን የሚያመለክት ሲሆን፣ አንዳቸውም የመንግሥትን የሥራ ፈቃድ አይተኩም። ይህ ጽሑፍ በዘርፉ የሚገኙ ዋና ዋና ማህበራትን ዓይነትና አሠራር፣ አባልነታቸው የሚያረጋግጠውንና የማያረጋግጠውን ጉዳይ እንዲሁም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከማህበራቱ ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይዳስሳል።

ሦስት ዓይነት አደረጃጀቶች

በሎጂስቲክስ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሚገኙ አደረጃጀቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የዘርፍ ማህበር ነው። የዘርፍ ማህበር አባላት ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ዓላማውም የአባላቱን የጋራ ጥቅም ማስከበር፣ ከመንግሥት ጋር መመካከር፣ ወጥ የሆኑ የሥራ ሰነዶችን ማዘጋጀትና የሥነ ምግባር ደንብ ማስከበር ነው። የዕቃ አስተላላፊዎች፣ የመርከብ ወኪሎች፣ የጉምሩክ አስተላላፊዎችና የጭነት ተሽከርካሪ ባለንብረቶች ማህበራት በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። የዕቃ ባለቤቶችም በበርካታ አገሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው።

ሁለተኛው የሙያ ማህበር ነው። የዚህ አባላት ግለሰቦች ናቸው። ማህበሩ ፈተና ይሰጣል፣ የብቃት ደረጃ ይወስናል፣ የሙያ ማዕረግ ያጎናጽፋል፣ ደንቡን የጣሰውንም አባል ከመዝገብ ይሰርዛል። ባለሙያው መሥሪያ ቤት ቢቀይርም ማዕረጉ አብሮት ይሄዳል። ድርጅቱ ግን ባለሙያው ሲለቅ ያንን ብቃት ያጣል።

ሦስተኛው የንግድ ኔትወርክ ነው። ይህ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ አነስተኛና መካከለኛ ዕቃ አስተላላፊዎች እርስ በርስ ሥራ የሚለዋወጡበት፣ በዓመታዊ ክፍያ ላይ የተመሠረተ ትስስር ነው። እ.ኤ.አ በ1998 የተመሠረተው ደብሊው ሲ ኤ የተሰኘው ኔትወርክ ለዚህ በስፋት የሚታወቅ ምሳሌ ነው። ኔትወርኮች ለአባላት ዓመታዊ ጉባኤ ያዘጋጃሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አንድ አባል ለሌላው አባል ሳይከፍል ቢቀር የተወሰነ ኪሳራ የሚሸፍን የክፍያ ዋስትናም ይሰጣሉ። ይህ ዋስትና በአባላት መካከል ብቻ የሚሠራ በመሆኑ ለዕቃው ባለቤት የሚሰጠው መብት የለም።

ይህንን ልዩነት ማወቅ በግዥ ሥራ ላይ ለተሠማሩ ኃላፊዎች ቀጥተኛ ጥቅም አለው። በጨረታ መስፈርት ላይ “የዓለም አቀፍ ማህበር አባል የሆነ” ተብሎ በደፈናው ሲጻፍ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ስለማይለይ፣ ዓመታዊ ክፍያ ብቻ የፈጸመ ተወዳዳሪ ፈተና አልፎና የመድን ሽፋን ገብቶ ከተመዘገበው ጋር እኩል ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ፊያታና ሰነዶቹ

የዕቃ አስተላላፊዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በፈረንሳይኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ፊያታ ተብሎ ይታወቃል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ ግንቦት 31 ቀን 1926 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ሲሆን፣ መቀመጫው በስዊዘርላንድ ነው። ፌዴሬሽኑ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማህበራዊ ምክር ቤት እንዲሁም በድርጅቱ የንግድና ልማት ጉባኤ ዘንድ የምክክር ተሳትፎ ደረጃ አለው። ዋነኛ አባላቱ የየአገሩ ብሔራዊ ማህበራት ሲሆኑ፣ ድርጅቶችም በግል አባልነት ሊመዘገቡ ይችላሉ።

የፊያታ ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው ባወጣቸው ሰነዶች ነው። ከእነዚህም ሁለቱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የፋይናንስና የግዥ ክፍሎች በተለይ አስፈላጊ ናቸው።

አንደኛው የዕቃ አስተላላፊ የመረከቢያ ሰርተፍኬት ነው። ይህ ሰነድ አስተላላፊው ዕቃውን ከሻጩ መረከቡንና ለተጠቀሰው ተቀባይ እንዲልክ የማይሻር ትዕዛዝ የተቀበለ መሆኑን ብቻ ያረጋግጣል። ዕቃው መርከብ ላይ መጫኑን አያረጋግጥም፣ የባለቤትነት ሰነድም አይደለም። ባንኮች በሌተር ኦፍ ክሬዲት አሠራር በሚገለገሉበት፣ እ.ኤ.አ ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ወጥ ደንብ መሠረትም እንደ ትራንስፖርት ሰነድ አይቆጠርም። በመሆኑም ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲከፈት ይህንን ሰርተፍኬት ለክፍያ በቂ አድርጎ የተቀበለ ገዢ ዕቃው ከሻጩ አገር ሳይነሳ ገንዘቡ ሊከፈልበት ይችላል።

ሁለተኛው የፊያታ የመልቲሞዳል ትራንስፖርት ቢል ኦፍ ሎዲንግ ነው። ይህንን ሰነድ የሚሰጥ አስተላላፊ እንደ ወኪል ሳይሆን እንደ አጓጓዥ ይቆጠራል። ዕቃውን ከተረከበበት ቦታ እስከሚያስረክብበት ቦታ ድረስ በባህርም ሆነ በየብስ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል። ሰነዱን ለመስጠት የሚችሉት በፊያታ ዕውቅና ባገኘው ብሔራዊ ማህበር በኩል የተፈቀደላቸው አባላት ብቻ ሲሆኑ፣ የኃላፊነት መድን መግባትም ይጠበቅባቸዋል። እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ሰነዱ በኤሌክትሮኒክ መልክም መሰጠት ጀምሯል።

የተጠያቂነቱ መጠን ገደብ እንዳለው ልብ ሊባል ይገባል። ሰነዱ የተመሠረተበት፣ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤና የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1992 በሥራ ላይ ያዋሉት ደንብ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ዕቃ የሚከፈለውን ካሳ በአንድ ጥቅል 666.67 ኤስ ዲ አር ወይም በኪሎ ግራም 2 ኤስ ዲ አር አድርጎ ይወስናል። ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈላል። ኤስ ዲ አር የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። በውሉ መሠረት ጉዞው የባህር ክፍል የማይኖረው ከሆነ ገደቡ በኪሎ ግራም 8.33 ኤስ ዲ አር ይሆናል።

ለምሳሌ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን በአንድ ሣጥን የታሸገ የላቦራቶሪ መሣሪያ በባህር ሲጓጓዝ ቢጠፋ በክብደቱ የሚሰላው ካሳ 1,000 ኤስ ዲ አር ነው። የመሣሪያው ዋጋ ከዚህ በብዙ እጥፍ ቢበልጥም፣ ዋጋው ቀድሞ ተገልጾ በሰነዱ ላይ ካልሰፈረ በስተቀር ከገደቡ በላይ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው። በተጨማሪም ጉዳቱ በግልጽ የማይታይ ከሆነ ዕቃው በደረሰ በ6 ተከታታይ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ክስም ቢሆን በ9 ወራት ውስጥ መመሥረት ይኖርበታል። በንብረት ክፍል ሳጥኑ ሳይከፈት ለወራት የሚቀመጥ ዕቃ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በመንገድ ላይ፣ ሌላ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ።

በባህር፣ በአየርና በየብስ

በባህር ትራንስፖርት መስክ በስፋት የሚጠቀሰው ቢምኮ ነው። ይህ የመርከብ ባለንብረቶች፣ የደላሎችና የወኪሎች ማህበር እ.ኤ.አ በ1905 የተመሠረተ ሲሆን፣ ያዘጋጃቸው የመርከብ ኪራይ ውል ቅጾች በዓለም ዙሪያ ያገለግላሉ። ስንዴ ወይም ማዳበሪያ በሙሉ መርከብ ሲጓጓዝ የሚፈረመው ውል ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ቅጾች በአንዱ ላይ የተመሠረተ ነው። በውሉ ውስጥ የማራገፊያ ጊዜ አቆጣጠር የሚሰፍርበት አንቀጽ በተለይ ሊጤን ይገባል። መርከቡ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ቢቆም በየቀኑ የሚታሰበው ዲመሬጅ የሚመነጨው ከዚህ አንቀጽ ነው። የመርከብ ወኪሎችና ደላሎች ብሔራዊ ማህበራትም እ.ኤ.አ በ1969 የተቋቋመ ፎናስባ የተሰኘ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አላቸው።

በአየር ትራንስፖርት መስክ እ.ኤ.አ በ1945 በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና የተመሠረተው የዓለም አቀፍ አየር ትራንስፖርት ማህበር፣ አያታ፣ የአየር መንገዶች ማህበር ነው። ዕቃ አስተላላፊዎች የዚህ ማህበር አባላት ሳይሆኑ፣ በገንዘብ አቅማቸውና በሠልጣኝ ሠራተኞቻቸው ተመዝነው የሚመዘገቡ የጭነት ወኪሎች ናቸው። ከአየር መንገዶች ጋር ያለባቸውን ሒሳብም በማዕከላዊ የክፍያ ሥርዓት ያወራርዳሉ። ስለዚህ አንድ አስተላላፊ “የአያታ አባል ነኝ” ሲል ትክክለኛው አገላለጽ “የአያታ ዕውቅና ያለው የጭነት ወኪል” የሚለው ነው።

በየብስ ትራንስፖርት እ.ኤ.አ በ1948 በጄኔቫ የተመሠረተው የዓለም አቀፍ የመንገድ ትራንስፖርት ኅብረት ማህበራት እስከ ምን ድረስ ኃላፊነት ሊሸከሙ እንደሚችሉ የሚያሳይ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ በ1975 በጸደቀው የቲር ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች፣ በብሔራዊ ማህበሩ የቲር ደብተር የተሰጠው ተሽከርካሪ በጉምሩክ ታሽጎ በየድንበሩ ሳይፈተሽ ያልፋል። በመንገድ ላይ ዕቃው ቢጠፋ ለሚቀረው ቀረጥና ታክስ እስከተወሰነ ገደብ ድረስ ዋስ የሚሆነው ማህበሩ ነው። ማህበሩ ገንዘብ የሚከፍልበት ዕዳ ስላለበት አባላቱን በጥብቅ ይመርጣል፣ ይቆጣጠራልም። ከሥነ ምግባር ደንብ ይልቅ ይህ ዓይነቱ የጋራ ዋስትና አባላትን ሥርዓት በማስያዝ ረገድ የበለጠ ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል።

የግለሰብ ባለሙያዎች ማህበራት

ከሙያ ማህበራት መካከል ቀደምት ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ በ1919 በለንደን የተመሠረተውና ዛሬ የሎጂስቲክስና ትራንስፖርት ቻርተርድ ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው ነው። በእንግሊዝ የንግሥና ቻርተር የተሰጠው እ.ኤ.አ በ1926 ሲሆን፣ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ቅርንጫፎች አሉት። በግዥና አቅርቦት መስክ እ.ኤ.አ በ1932 የተቋቋመው የግዥና አቅርቦት ቻርተርድ ኢንስቲትዩት ይጠቀሳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1963 የተመሠረተው ማህበር በበኩሉ ስሙን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። ሲመሠረት የዕቃ ሥርጭት አስተዳደር ምክር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ በ1985 የሎጂስቲክስ አስተዳደር፣ በ2005 ደግሞ የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ባለሙያዎች ምክር ቤት ተብሏል። የስሙ ለውጥ ሙያው ከማጓጓዝ ወደ መላው የአቅርቦት ሂደት መስፋቱን ያመለክታል።

ለመንግሥት ሠራተኞች ይበልጥ ቅርብ የሆነው እ.ኤ.አ በ2007 የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ሎጂስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማህበር ነው። አባላቱ በጤና ሚኒስቴሮች፣ በመድኃኒት አቅራቢ ድርጅቶችና በጤና ተቋማት ውስጥ የክትባትና የመድኃኒት አቅርቦትን የሚመሩ ባለሙያዎች ናቸው። በሎጂስቲክስ ሥራ ላይ የተሠማራ የመንግሥት ሠራተኛ የግሉን ዘርፍ የሚቆጣጠር ብቻ ሳይሆን ራሱም የሙያው አባል መሆኑን ይህ ማህበር ያስገነዝባል።

በኢትዮጵያ ያለው አሠራርና የሕግ መሠረት

በደርግ መንግሥት ዘመን የጭነት ማጓጓዝ ሥራ በማዕከል የሚደለደል ሲሆን፣ የግል ተሽከርካሪዎችም በመንግሥት ድልድልና ታሪፍ ይሠሩ ነበር። ከ1984 ዓ.ም በኋላ ገበያው እየተከፈተ ሲመጣ ባለንብረቶች በማህበራትና በኩባንያዎች መደራጀት ቀጠሉ። የዕቃ አስተላላፊነትና የመርከብ ወኪልነት ሥራ ፈቃድ አሰጣጥም በ1990 ዓ.ም በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሥርዓት ተበጀለት።

በ1999 ዓ.ም ሁለት ተያያዥ አዋጆች ወጥተዋል። የመልቲሞዳል የዕቃ ትራንስፖርትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 548 ዕቃን በአንድ ውል ከአንድ በላይ በሆነ የትራንስፖርት ዓይነት የሚያጓጉዝ አካል ያለበትን ኃላፊነት የወሰነ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 549 የባህር ዘርፍ አስተዳደርን ይመለከታል። በ2004 ዓ.ም በ1956 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ከማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎት እንዲሁም ከደረቅ ወደብ አገልግሎት ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ አንድ የመንግሥት የልማት ድርጅት ሆነ። የመልቲሞዳል ሥራ ለረጅም ጊዜ በዚህ ድርጅት ብቻ ሲከናወን በመቆየቱ የግል ዕቃ አስተላላፊዎች ድርሻ መጥበብ ማህበራቸው ለመንግሥት በተደጋጋሚ ያቀረበው ጉዳይ ነበር። በኋላም ሌሎች ድርጅቶች ለመልቲሞዳል ሥራ ፈቃድ እንዲያገኙ ተደርጓል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ደግሞ የውጭ ባለሀብቶች ከአገር ውስጥ ባለሀብቶች ጋር በጋራ፣ እስከ 49 በመቶ በሚደርስ ድርሻ በዕቃ አስተላላፊነትና በመርከብ ወኪልነት እንዲሠማሩ ፈቅዷል።

በአሁኑ አሠራር የዕቃ አስተላላፊነትና የመርከብ ወኪልነት ፈቃድ የሚሰጠው የማሪታይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ የጉምሩክ አስተላላፊዎችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የጉምሩክ ኮሚሽን ነው። በልማድ “ትራንዚተር” በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ሁለት ሥራዎች በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው። አንዱን ፈቃድ የያዘ ሌላውን ሥራ መሥራት አይችልም፤ ሁለቱንም ለመሥራት ሁለቱንም ፈቃዶች መያዝ ይኖርበታል።

በዘርፉ ከሚንቀሳቀሱት መካከል የኢትዮጵያ የዕቃ አስተላላፊዎችና የመርከብ ወኪሎች ማህበር ዋነኛው ነው። ማህበሩ የፊያታ አባል ሲሆን፣ የፊያታን ዓለም አቀፍ የዕቃ አስተላላፊነት ዲፕሎማ ሥልጠና በአገር ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል። የጉምሩክ አስተላላፊዎችና የጭነት ትራንስፖርት ባለንብረቶችም የየራሳቸው ማህበራት አሏቸው።

ማህበራት የሚቋቋሙበት የሕግ መሠረት እንደየዓይነታቸው ይለያያል። የዘርፍ ማህበራትና ምክር ቤቶቻቸው በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የሚመሩ ሲሆን፣ የሙያ ማህበራት የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይመለከታቸዋል። መሥሪያ ቤቶች ከማህበር ደብዳቤ ሲደርሳቸው ማህበሩ በየትኛው ሕግ እንደተመዘገበና ማንን እንደሚወክል ማረጋገጣቸው ለምክክሩ ተዓማኒነት ይረዳል።

የምክክር ጥቅም፤ የሞምባሳ ተሞክሮ

በዓለም ባንክ የሎጂስቲክስ አፈጻጸም መለኪያ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2016 ከ160 አገሮች 126ኛ ደረጃ ላይ ነበረች። መለኪያው የሚዘጋጀው ከአገሮቹ ጋር የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ዕቃ አስተላላፊዎችን በመጠየቅ ነው። በመሆኑም የአንድ አገር ደረጃ ከመንገዱና ከወደቡ ባሻገር አስተላላፊው በየመስኮቱ የሚያጋጥመውን አገልግሎት ያንጸባርቃል።

ይህንን በተመለከተ የኬንያው ሞምባሳ ወደብ ተሞክሮ ትምህርት ሰጪ ነው። ወደቡ ከኬንያ ባሻገር ኡጋንዳን፣ ሩዋንዳንና ሌሎችን ያገለግላል። ዕቃ በሚዘገይበት ጊዜ ወደቡ ጉምሩክን፣ ጉምሩክ አስተላላፊዎችን፣ አስተላላፊዎች ደግሞ የፍተሻ መሥሪያ ቤቶችን ይወቅሱ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2006 ዓ.ም የወደቡና የሰሜን ኮሪደር ማህበረሰብ ቻርተር ተፈረመ። በቻርተሩ የወደብ፣ የጉምሩክ፣ የመንገድና የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ከግሉ ዘርፍ ማህበራት ጋር ሆነው እያንዳንዳቸው የሚፈጽሙትን ግዴታና የሚለካበትን ጊዜ በጽሑፍ አስቀመጡ። አፈጻጸሙ በአኃዝ ተለክቶ በየጊዜው በይፋ እንዲወጣም ተደረገ። በዚህ አሠራር ማህበራት ቅሬታ አቅራቢዎች ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ራሳቸውም የሚለኩ ወገኖች ሆነዋል። ለምሳሌ ጉምሩክ ሰነድ መርምሮ የሚጨርስበት ጊዜ እንደሚለካ ሁሉ፣ አስተላላፊው ዕቃው ከተፈቀደ በኋላ ከወደብ እስኪያወጣ የሚፈጅበትም ጊዜ ይለካል።

በሥልጠና ረገድም እ.ኤ.አ በ2006 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ዕቃ አስተላላፊዎች ማህበራት ፌዴሬሽን ከአካባቢው አገሮች የገቢዎች ባለሥልጣናት ጋር በመሆን የጉምሩክና የዕቃ አስተላላፊነት የሙያ ብቃት ሰርተፍኬት ሥርዓት ዘርግቷል። ሥርዓተ ትምህርቱን ማህበራትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጋራ ስለሚመሩት አሠልጣኙና ተቆጣጣሪው የተለያየ መመዘኛ አይዙም።

ማህበር የገበያ እንቅፋት ሲሆን

የማህበራት ሚና ሁልጊዜ ጠቃሚ ነው ማለት አይቻልም። በካሜሩን የዱዋላ ወደብና በቻድ መካከል ባለው መስመር ጭነት በሁለቱ አገሮች ተሽከርካሪዎች መካከል በኮታ ይደለደላል። 65 በመቶው ለቻድ፣ 35 በመቶው ለካሜሩን ተሽከርካሪዎች የተመደበ ሲሆን፣ ጭነቱ በተራ እንዲከፋፈል በማድረግ ረገድ የባለንብረት ማህበራት ሚና ከፍተኛ ሆኖ ቆይቷል። በተራ አሠራር ንጹህና አዲስ መኪና ያለው ባለንብረት አሮጌ መኪና ካለው ጋር እኩል ስለሚጠብቅ ተሽከርካሪውን የማደስ ፍላጎት አይኖረውም። የዕቃው ባለቤትም አጓጓዡን መምረጥ አይችልም። እ.ኤ.አ በ2009 የታተመ የዓለም ባንክ ጥናት በአፍሪካ የጭነት ዋጋን ያናሩት የነዳጅና የመንገድ ወጪዎች ብቻ እንዳልሆኑና በተለይ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ይህን መሰሉ የገበያ አደረጃጀት ዋነኛ ምክንያት መሆኑን አመልክቷል። በአንጻሩ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ በ1994 ገበያውን ከከፈተች በኋላ የጭነት ዋጋ ከ30 በመቶ በላይ መቀነሱን ይኸው ጥናት ጠቅሷል።

በኢትዮጵያም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪ ነጋዴዎች በስምምነት ዋጋ እንዳይወስኑና ገበያ እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል። የማህበር ስብሰባ ለዚህ ክልከላ ከለላ አይሆንም። አባላት ስለ ሥልጠና፣ ስለ ሰነድ አሠራር ወይም ስለ መንገድ ደህንነት መመካከር ይችላሉ። የጋራ ዋጋ ወስኖ ለደንበኞች ማሰራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለዚህ በር የሚከፍቱት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ናቸው። ለሥራ ፈቃድ እድሳት የማህበር የድጋፍ ደብዳቤ በቅድመ ሁኔታነት ሲጠየቅ፣ ማህበሩ አዲስ ተወዳዳሪን ከገበያ የማስቀረት ሥልጣን ሳይሰጠው ያገኛል።

መሥሪያ ቤቶች ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከላይ ከተዘረዘሩት በመነሳት የሚከተሉት ነጥቦች በግዥ፣ በንብረት አስተዳደርና በቁጥጥር ሥራ ላይ ለሚገኙ ኃላፊዎች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ በጨረታ መመዘኛ ላይ የሥራ ፈቃድና የማህበር አባልነት ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው። ፈቃድ የግዴታ መስፈርት ነው። አባልነት ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጠው የትኛው ማህበር እንደሆነና ምን እንደሚያረጋግጥ በግልጽ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የአባልነት ሰርተፍኬት ዘመን አለው። ተወዳዳሪው ያቀረበውን ቅጂ ከመቀበል ይልቅ ማህበሩን በደብዳቤ መጠየቅ ይመረጣል። የግለሰብ ማዕረግ ሲቀርብም ባለሙያው በድርጅቱ ውስጥ በሥራ ላይ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከአስተላላፊው ጋር በሚፈረመው ውል ላይ አገልግሎቱ የሚሰጠው በወኪልነት ነው ወይስ በአጓጓዥነት የሚለው መለየት አለበት። ጉዳት ሲደርስ የሚነሳው ክርክር በአብዛኛው የሚመነጨው ይህ ነጥብ ሳይብራራ በመቅረቱ ነው።

አራተኛ፣ የአስተላላፊው የኃላፊነት መድን የዕቃው መድን አይደለም። ከላይ የተገለጸው የካሳ ገደብ በመኖሩ የዕቃው ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት የራሱን የጉዞ መድን መግባት ይኖርበታል። ዕቃው እንደደረሰም ወዲያው ተከፍቶ መመርመር፣ ጉድለት ካለ በጽሑፍ መገለጽ አለበት።

አምስተኛ፣ ረቂቅ መመሪያ ሲዘጋጅ ማህበራትን ማማከር በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት ረቂቅ መመሪያን ለሕዝብ ይፋ አድርገው አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። በምክክሩ ላይ ትላልቅ ድርጅቶች ብቻ ሳይሆኑ አነስተኛ አስተላላፊዎችና የዕቃ ባለቤቶችም መወከላቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

ስድስተኛ፣ ማህበር ቅሬታ ሲያቀርብ በቁጥር እንዲያስደግፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። በየትኛው መስኮት፣ ለስንት ቀን፣ በስንት ዲክላራሲዮን ላይ መዘግየት እንደደረሰ የተመዘገበ ቅሬታ መፍትሔ ለመስጠት ያመቻል። መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ የአገልግሎት ጊዜውን በተመሳሳይ መንገድ መዝግቦ ይፋ ማድረግ ይጠበቅበታል።

ብሔራዊ የሎጂስቲክስ ስትራቴጂ ተነድፎ፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር በ2010 ዓ.ም የንግድ አገልግሎት ጀምሮ፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይፋ ሆኖ የዘርፉ አሠራር በመለወጥ ላይ ይገኛል። በእነዚህ መሠረተ ልማቶች የሚገለገሉት በማህበራት የተደራጁት አስተላላፊዎች፣ ወኪሎችና አጓጓዦች ናቸው። ፈቃድ መስጠትና መቆጣጠር የመንግሥት፣ ሙያን ማሳደግና አባላትን ሥርዓት ማስያዝ የማህበራት ተግባር መሆኑ በሁለቱም ወገኖች ዘንድ ተለይቶ ሲታወቅ፣ በወደብ ላይ የሚቆመው ዕቃ ኃላፊነቱን የሚወስድ ባለቤት ያገኛል፤ የዘገየበት ምክንያትም በሰነድ ሊታወቅ ይችላል።